የትኛው ኢኮ ለየትኛው ጥያቄ? ጎንደር ላይ የልብ አልትራሳውንድ ለሚያዙና ለሚሠሩ የንጽጽር መመሪያ

ከቆላ ድባ ሪፈር ተጽፎላት ጎንደር የመጣች የ28 ዓመት እናት እናስብ። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሌሊት ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው። ወረቀቷ ላይ ግን «ኢኮ ይሠራላት» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የለም። ሦስት ቦታ ብትታይ ሦስት ቁጥር ይዛ ልትወጣ ትችላለች፦ አንዱ የሚትራል ቫልቯን (በግራው የልብ ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ያለውን በር) ቀዳዳ 1.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይለዋል፣ ሁለተኛው 1.3፣ ሦስተኛው 1.1። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ቀዳዳው 1.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ጥበቱ ከባድ ይባላል፤ እንደ እሷ ምልክት ላለባት ሴት ቫልቩን በፊኛ ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና መታሰብ አለበት። ለቤተሰቡ ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወስድ የአዲስ አበባ መንገድ፣ ከብት ተሽጦ የሚገኝ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ማለት ነው።

ከሦስቱ ማሽኖች አንዱም የተበላሸ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቀዳዳውን ከቫልቩ ጫፍ ከፍ ብሎ ቆርጦ ለክቶታል። ሁለተኛው ደሙ ሲፈስ ግፊቱ የሚወርድበትን ፍጥነት ለክቶ ስፋቱን በቀመር አስልቷል። ሦስተኛው በስሪዲ፣ ማለትም ሦስት አቅጣጫ ባለው ምስል፣ ትክክለኛውን ጫፍ አግኝቶ ዙሪያውን ከብቧል። ስለዚህ «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ከማለት በፊት «ምን እንዲለካልኝ ነው የምፈልገው?» የሚለው ይቀድማል። ይህ ንጽጽር የተዘጋጀውም ከጥያቄው ተነሥቶ እንጂ ከማሽኑ ዋጋ ተነሥቶ አይደለም።

ሁሉም የሚቆጥቡት ጊዜን ነው

ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፕሮቡ፣ ማለትም ደረት ላይ የሚያርፈው የማሽኑ እጅ፣ አንዲት መስመር ለመሳል ድምፁን ልኮ ማሚቶው እስኪመለስ መጠበቅ አለበት። ጥልቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 32 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 0.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አንዱ ምስል በ100 መስመር የሚሠራ ከሆነ በሰከንድ 48 ምስል ያህል ይገኛል። ጥልቀቱን ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ብታሳጥሩት 64 ይደርሳል። ከልቡ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ እያሳየ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ጊዜ በከንቱ ነው የሚያቃጥለው።

ኤም-ሞድ አንዲት መስመር ብቻ ስለሚሠራ በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ያያል። ኤድለርና ኸርዝ በ1953 ስዊድን ሉንድ ውስጥ የልብን እንቅስቃሴ መጀመሪያ የቀረጹት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ዛሬም ፈጣን ነገርን ለመለካት የሚስተካከለው የለም። ቱዲ፣ ማለትም የተለመደው ጠፍጣፋ ምስል፣ ፍጥነት ቀንሶ ስፋት ያገኛል። ስሪዲ በሁለቱም አቅጣጫ 100 መስመር ቢፈልግ 10,000 መስመር ይሆናል፤ በተለመደው አሠራር አንድ ሥዕል ብቻ ሁለት ሰከንድ ሊፈጅ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ብዙ መስመሮችን ባንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ወይም ከ4 እስከ 6 የልብ ምት ላይ ቁራሽ ቁራሽ ሰብስቦ ይሰፋቸዋል። ይህ ስፌት ነው በኋላ ችግር የሚያመጣው፤ ታካሚዋ ከተነፈሰች ወይም ምቷ የተዘበራረቀ ከሆነ ቁራሾቹ አይገጥሙም፤ በቫልቩ መካከል ደረጃ የመሰለ ስብራት ይታያል። እንዲህ ያለ ምስል ላይ የተለካ ቁጥር ከቱዲው የባሰ ነው፤ ሲታይ ግን ያማረ ስለሆነ ሰው ያምነዋል።

የሚትራል ቫልቭ ጥበት፦ ሦስቱ መንገዶች

በእኛ አገር ወጣቶች ላይ ይህን ቫልቭ የሚያጠበው በአብዛኛው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። የቫልቩ ቅጠሎች በጠርዛቸው ስለሚጣበቁ ቅርጹ ማንቆርቆሪያ ይመስላል፤ ላይ ሰፊ፣ ጫፉ ላይ ጠባብ። የመለካት ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ቅርጽ ነው።

*ፕላኒሜትሪ* ቀዳዳውን ፊት ለፊት አይቶ ጠርዙን በጠቋሚ መክበብ ነው። በቱዲ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ታካሚዋ በግራ ጎኗ ትተኛለች፤ ከደረት አጥንቱ ግራ ረጅሙን ምስል አግኝታችሁ የቫልቩን ጫፍ መሐል ላይ ታደርጉታላችሁ፤ ፕሮቡን በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ 90 ዲግሪ ታዞራላችሁ። ከዚያ ከልቡ ጫፍ ወደ ሥሩ ቀስ ብላችሁ ታዘነብሉትና ቀዳዳው መጀመሪያ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት፣ ከሁሉም የጠበበው ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። ጌኑን (የምስሉን ድምቀት) ጠርዙ ማበጥ እስኪተው ድረስ ቀንሱ። ምስሉን አስቁማችሁ ቫልቩ በደንብ በተከፈተበት፣ በዲያስቶሌ (ልቡ በሚሞላበት ጊዜ) መካከል፣ የውስጠኛውን ጠርዝ ክበቡ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ቢያንስ አምስት።

የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው፦ ጌኑ ከበዛ ጠርዙ ወደ ውስጥ ያብጥና ቀዳዳው ከእውነቱ ይጠባል፤ ቆረጣው ከጫፉ ከፍ ካለ ወይም ከተጣመመ ማንቆርቆሪያው ሰፊ ቦታው ላይ ይቆረጥና ቀዳዳው ይሰፋል። የዚያች እናት 1.7 የመጣው ከሁለተኛው ስሕተት ነው። ይህኛው ስሕተት የበለጠ ይጎዳል፤ ሕመሙ እየከበደ «መካከለኛ ነው» ተብሎ ቀጠሮ የሚረዝመው በእሱ ነውና።

*ፕሬዠር ሃፍ ታይም* በዶፕለር፣ ማለትም የደምን ፍጥነት በሚያሳየው ዘዴ፣ የሚለካ ነው። በሁለቱ የግራ ክፍሎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በግማሽ እስኪወርድ የሚፈጀውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ወስዶ 220ን ለእሱ ማካፈል ነው፤ 220 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ቀዳዳው 1.0፣ 147 ከሆነ 1.5 ነው። ቫልቩ በካልሲየም ጠጥሮ ጠርዙ ሳይለይ ሲቀር ይህ መንገድ ትልቅ ረዳት ነው፤ የሚፈልገውም ጥሩ ዶፕለር ብቻ ነው። ግን የግራው የልብ ክፍል ከሌላ ቦታ የሚሞላ ከሆነ ቁጥሩ ይሳሳታል። የአኦርታ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር፣ ወደኋላ የሚያፈስ ከሆነ ግፊቱ ቶሎ ይመጣጠናል፤ ጊዜው ያጥራል፤ ቀዳዳውም ሰፍቶ ይታያል። ሩማቲክ በሽታ ሁለቱን ቫልቮች አብሮ መምታቱ የተለመደ ስለሆነ ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። 1.3 ያለው ሁለተኛው ሪፖርት የተሳሳተው በዚህ ነው። በፊኛ ከተሰፋ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናትም፣ የግራው ክፍል ጡንቻ በግፊት ብዛት በደነደነ ሰው ላይም ይህን ቁጥር አትመኑ።

*ስሪዲ* የሚበልጠው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ቆረጣውን ምስሉ ከተወሰደ በኋላ ማስተካከል ያስችላል። ሁለት ቀጥ ያሉ ምስሎች ላይ መስመሩን የማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ሦስተኛው ምስል ትክክለኛውን ቀዳዳ ይሰጣል። ልምዱ አነስተኛ የሆነ ባለሙያና ሲኒየሩ የሚለኩት ቁጥር በዚህ መንገድ ይቀራረባል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። ምቷ የተዘበራረቀ ከሆነ ግን የተሰፋውን ሳይሆን በአንድ ምት የሚወሰደውን ተጠቀሙ፤ ሳጥኑንም ቫልቩን ብቻ እስኪይዝ አጥብቡት።

ስሪዲ ከሌለስ? በጥንቃቄ የተሠራ የቱዲ ፕላኒሜትሪ በግድየለሽነት የተሠራን ስሪዲ ያስንቃል። ፕላኒሜትሪውና ሃፍ ታይሙ ከተቀራረቡ ቁጥሩን እመኑት። ከተራራቁ አማካይ አትውሰዱ፤ ከሁለቱ የትኛው የሚሳሳትበት ምክንያት እንዳለው ፈልጉ። የአኦርታ ፍሳሽ ካለ ሃፍ ታይሙን ጣሉ፤ ጠርዙ የማይታይ ከሆነ ፕላኒሜትሪውን። አማካይ የግፊት ልዩነቱን ስትጽፉ የልብ ምቱን አጠገቡ ጻፉ። በደቂቃ 110 ላይ የተለካ 12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ምቱ ወደ 70 ሲወርድ በጣም ሊቀንስ ይችላል፤ ምቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ግማሽ ቁጥር ነው።

ለፊኛ ተስማሚ መሆኗን የሚወስነው ስፋቱ ብቻ አይደለም። የቅጠሎቹ እንቅስቃሴ፣ ውፍረት፣ የካልሲየም መጠንና ከቫልቩ በታች ያሉት ገመዶች ሁኔታ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ውጤት ይጠበቃል። ውፍረት ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ማሽኖች ሲከፈቱ የሚጀምሩበት ሃርሞኒክ ቅንብር ጡንቻውን አጥርቶ ያሳያል፣ ቫልቩን ግን ያወፍረዋል። ውፍረት ለመለካት ሃርሞኒክ ይጥፋ።

ዶፕለር፦ ማዕዘንና ካሬ

ዶፕለር የሚያየው ደሙ በጨረሩ መስመር ወደ ፕሮቡ የሚመጣበትን ወይም ከእሱ የሚርቅበትን ፍጥነት ብቻ ነው። ጨረሩና ፍሰቱ 20 ዲግሪ ቢለያዩ ፍጥነቱ በ6 በመቶ ያንሳል፤ 30 ከሆነ በ13 በመቶ። ከዚያ ማሽኑ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ በ4 ያባዛዋል፤ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። የአኦርታ ቫልቩ ጠቦ ደሙ በሰከንድ 4 ሜትር የሚወረወር ከሆነ የግፊት ልዩነቱ 64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በ30 ዲግሪ ስትለኩት 3.5 ገደማ ይነበብና 48 ይሆናል። ከባድ የነበረው መካከለኛ ሆኖ ወረቀት ላይ ወጣ ማለት ነው። ዶፕለር ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርጎ የሚሳሳተው የሌላ ቫልቭ ፍሰት ሲቀላቀልበት ወይም በፍጥነቱ ሥዕል ዳር ያለውን ጭጋግ እንደ ጠርዝ ስትወስዱት ነው እንጂ በማዕዘን አይደለም። ስለዚህ ለአኦርታ ጥበት አንድ መስኮት አይበቃም፦ ከልቡ ጫፍ፣ ከቀኝ ደረት፣ ከአንገት ሥር፣ ከሆድ በላይ ፈልጉ፤ ከሁሉም ከፍተኛውን ውሰዱ። ምስል የሌላት፣ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነችው ፕሮብ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ስትጠጣ ትገኛለች፤ ለዚህ ሥራ ግን ከውዱ ፕሮብ የተሻለች እሷ ናት፤ በጠባብ የጎድን አጥንት መካከል ትገባለችና።

የአኦርታ ቀዳዳ ስፋት ሲሰላ ደግሞ ስሕተቱ የሚገባው ከቫልቩ በታች ባለው መውጫ ዲያሜትር በኩል ነው። 2.0 ሴንቲ ሜትር ብትለኩት ወለሉ 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 1.8 ብትለኩት 2.54። ሁለት ሚሊ ሜትር ስታንስ የቫልቩ ስፋት ከ1.1 ወደ 0.9 ወረደ፤ ከባድ የሚባልበትን የ1.0 ድንበርም ተሻገረ። ምስሉን በዙም አሳድጉ፤ ቁጥሩ አጠራጣሪ ሲሆን ፍጥነቱንና አማካይ ግፊቱን አስቀድሙ። ፍጥነቱ 4 ሜትር በሰከንድ ወይም አማካይ ግፊቱ 40 ከደረሰ ጥበቱ ከባድ ነው፤ ስፋቱን አስሉትም አታስሉትም።

የሳንባ ደም ግፊትም ከዚሁ ቤት ነው። ከትራይከስፒድ ቫልቭ (በቀኙ የልብ ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ካለው በር) የሚመለሰው ደም ፍጥነት 3.0 ከሆነ 36፣ 3.2 ከሆነ 41 ይሆናል፤ ጠቋሚውን ጭጋጉ ላይ ስታስቀምጡት አምስት ጨመራችሁ ማለት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች። ከፍታ የሳንባ ግፊትን ጥቂት ከፍ ስለሚያደርግ 2.9 እና 3.0 ላይ ብቻ ቆማችሁ «የሳንባ ግፊት በሽታ» ብላችሁ አትጻፉ፤ የቀኙ ክፍል መስፋቱን፣ የመካከሉ ግድግዳ ወደ ግራ መገፋቱን አብራችሁ እዩ። በኤም-ሞድ የትራይከስፒድ ቀለበት ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከ17 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ የቀኙ ክፍል ደክሟል።

ከለር ዶፕለር የፍሳሽን መኖር ያሳያል፤ መጠኑን ለመለካት ግን ደካማ ነው። የፍጥነት መለኪያው በሰከንድ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ካልተደረገ ትንሹ ፍሳሽ ሙሉውን ክፍል የሞላ ይመስላል። ቀለሙ ሲበዛ ከመደንገጥ በፊት ይህን ቁጥር እዩ።

የልብ የመግፋት አቅም፦ ኢኤፍ

ኢኤፍ የግራው ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚገፋ የሚናገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው፣ ብዙ ጊዜም የሚሳሳተው ይህ ቁጥር ነው። መመዘኛው የልብ ኤምአርአይ ነው፤ የኢኮ ዘዴዎችም የሚመዘኑት ከእሱ አንጻር ነው።

በኤም-ሞድ የሚሠራው፣ ዲያሜትር ወስዶ በቴይቾልዝ ቀመር መጠን ማውጣት፣ ለዚህ ሥራ መቅረት አለበት። ዲያሜትሩ ከ5.0 ወደ 5.3 ቢሳሳት መጠኑ ከ118 ወደ 135 ሚሊ ሊትር ይዘላል፤ አንዱ ግድግዳ ደክሞ ሌላው ደህና ከሆነም መስመሩ ያረፈበትን ብቻ ይናገራል። ሪፖርት ላይ «ኢኤፍ 62.4» የሚል ነጥብ ያለው ቁጥር ስታዩ ዘዴው ይህ እንዳልሆነ ጠይቁ።

በቱዲ የሲምፕሰን ዘዴ ባለአራት ክፍሉንና ባለሁለት ክፍሉን ምስል ወስዶ ልቡን በ20 ዲስክ ይቆርጠዋል። መደበኛው ለወንድ ከ52 እስከ 72፣ ለሴት ከ54 እስከ 74 በመቶ ነው። ዋናው ስሕተት ልቡን ማሳጠር ነው፦ ፕሮቡ ከእውነተኛው ጫፍ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የልቡ ጫፍ ክብና ወፍራም ሆኖ ይታያል፣ ሲጨመቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጠኑ ያንሳል፣ ኢኤፉ ደግሞ ከእውነቱ ይበልጣል። እውነተኛው ጫፍ ቀጭን ነው፤ ብዙም አይንቀሳቀስም። ምስሉ ካጠረ ፕሮቡን አንድ የጎድን አጥንት ወደ ታች አውርዱና ወደ ጎን ውሰዱ። በሁለቱ ምስሎች ላይ የልቡ ርዝመት ከ10 በመቶ በላይ የሚለያይ ከሆነ አንዱ አጥሯል ማለት ነው።

ጥሩ ባለሙያ ቢሠራውም አንድን ሰው በተለያየ ቀን በቱዲ ስትለኩት እስከ 10 ነጥብ ሊለያይ ይችላል፤ ስሪዲ ላይ ይህ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ልቧ ለደከመ እናት «ከ35 ወደ 40 ወጣ» የሚለው በቱዲ ከሆነ መሻሻል ነው ማለት አይቻልም፤ ከ35 ወደ 50 ከሆነ ግን ነው። መድኃኒት ለመቀነስ ወይም ለማቆም የምትወስኑ ከሆነ ስሪዲ ወይም በአንድ ማሽን፣ በአንድ ባለሙያ፣ ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ስሪዲ መጠኑን ከኤምአርአይ አሳንሶ ያሳያል፤ ኢኤፉ ግን ከእሱ ጋር ይቀራረባል።

ስትሬይን፣ የልብ ጡንቻው ስንት በመቶ እንደሚያጥር የሚለካው፣ ከኢኤፍ ቀድሞ ድካምን ያያል። ማጠር ስለሆነ በሲቀነስ ምልክት ይጻፋል፤ መደበኛው -20 በመቶ ገደማ ነው። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ የካንሰር መድኃኒት ለሚወስዱ ከመጀመሪያው ቁጥር 15 በመቶ ያህል ሲወርድ፣ ለምሳሌ ከ20 ወደ 17፣ ልቡ እየተነካ መሆኑን ይጠቁማል። ግን የአንድ ኩባንያ ማሽን ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም፤ የመጀመሪያው መለኪያ የተሠራበት ማሽን ላይ ካልተከታተላችሁ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ምስሉም በሰከንድ ከ40 እስከ 80 ካልሆነ ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን ይስታል።

ጡንቻው ሳይታይ ሲቀር፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎረቤታም ክፍሎች ሲጨልሙ፣ የቀመር ቁጥር አታውጡ። ልምድ ያለው ዓይን «መካከለኛ ድካም፣ ከ35 እስከ 40» ብሎ የሚሰጠው ግምት ከተደናበረ ሲምፕሰን ይሻላል።

በኪስ የሚያዘው ኢኮ

ዳባት፣ ሳንጃ ወይም መተማ ያለ ባለሙያ ከስልክና ታብሌት ጋር የሚሠራ ፕሮብ ቢኖረው ምን ያህል ሊያምነው ይገባል? ለሚከተሉት ጥያቄዎች ብዙ፦ ልቡን ውሃ ከብቦታል ወይ፣ የግራው ክፍል በጣም ደክሟል ወይ፣ የግራው ላይኛ ክፍል ሰፍቷል ወይ፣ የሚትራል ቫልቩ ሲከፈት እንደ ጉልበት ይታጠፋል ወይ፣ ዋናው የደም መልስ ሥር ተነፍቷል ወይ። በተለይ ከቲቢ ጋር የሚመጣው የልብ ውሃ እዚህ ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥም ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነን ውሃ ለማወቅ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ የደም ግፊቱ እየወረደ ያለ ሰው እስከ ጎንደር ሳይታይ መምጣት የለበትም።

የማይታመንበት ቦታ ደግሞ ግልጽ ነው። አብዛኞቹ ቀጣይ ሞገድ ዶፕለር የላቸውም፤ ስለዚህ ከባድ ጥበትን በፍጥነት መለካት አይችሉም። የትምህርት ቤት ልጆችን ለሩማቲክ በሽታ ሲመረምሩ የሚትራል ፍሳሽ እንደ በሽታ የሚቆጠረው ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ በሁለት ምስል ሲታይ፣ ሙሉውን የልብ ጭመቃ ሲሸፍንና ፍጥነቱ 3 ሜትር በሰከንድ ሲደርስ ነው፤ ይህ በ2012 የዓለም ልብ ፌዴሬሽን ያወጣው መስፈርት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት የእጅ መሣሪያው ሊያረጋግጥ አይችልም። በ2023 የታደሰው መመሪያ ለዚህ ነው የማጣሪያውን ምርመራ ከማረጋገጫው የለየው። በእጅ ኢኮ የተጠረጠረን ልጅ «የልብ በሽተኛ ነህ» ብላችሁ ቤንዛቲን (የፔኒሲሊን መርፌ) አትጀምሩለት፤ ትልቁ ማሽን እስኪያረጋግጥ በየሦስት ሳምንቱ ወይም በየወሩ መርፌ መወጋት ለልጅም ለእናትም ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ንጹሕ የሆነን ልብ ንጹሕ ነው ብሎ መመለስ ለእሱ ቀላል ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ከመንገድ ይድናል።

ከክሪስታል ይልቅ በሲሊከን ቺፕ የሚሠሩት፣ እንደ በተርፍላይ ያሉት፣ በአንድ ፕሮብ ለልብም ለሆድም ለደም ሥርም ያገለግላሉ። ለጤና ጣቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊታቸው ሰፊ ስለሆነ ግን በቀጭን ሰውና በልጅ ጎድን መካከል አይገቡም፤ የጎድን አጥንት ጥላ ምስሉን ይከፍለዋል። ሲሞቁ ራሳቸውን ስለሚያጠፉ በመተማ ሙቀት በተከታታይ ብዙ ሕፃናት ለመመርመር ያሰበ በየመካከሉ የማሳረፊያ ጊዜ ይያዝ።

በጉሮሮ የሚገባው

ቲኢኢ ከልቡ ጀርባ በምግብ ቧንቧ በኩል ስለሚያይ ሳንባና አጥንት አይከልሉትም፤ ድግግሞሹንም ከፍ ማድረግ ይቻላል። በደረት ኢኮ የማይተካባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ በግራው ላይኛ ክፍል ኪስ ውስጥ የረጋ ደም፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ያለ ችግር፣ በቫልቭ ላይ የበቀለ ኢንፌክሽን። ለኢንፌክሽኑ የደረት ኢኮ በተፈጥሮ ቫልቭ ላይ ከ100 ሕሙማን 70ውን፣ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ 50ውን ገደማ ያገኛል፤ የጉሮሮው ከ90 በላይ። ትኩሳቱና የደም ካልቸሩ (ደም ውስጥ ተህዋስ የሚፈለግበት ምርመራ) እያስጠረጠራችሁ ኢኮው «የለም» ካለ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይደገም። ለፊኛ የተያዘች ሴት የረጋ ደም እንደሌላት ሳይረጋገጥ አትሄድ።

ከመሥራት በፊት ስድስት ሰዓት ጾም፣ የሚወልቅ ጥርስ ማውጣት፣ ለመዋጥ መቸገርን መጠየቅ የተለመደ ነው። እዚህ አካባቢ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ታካሚው ከደንቢያ፣ ከጣና ዳር ወይም ከሳንጃ ከሆነ ቢልሃርዝያ ጉበቱን ጎድቶ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮችን አሳብጦ ሊሆን ይችላል። ደም ያስመለሰ፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው መጀመሪያ ኢንዶስኮፒ ይታይ።

በልብ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ለመፈለግ ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም። 9 ሚሊ ሊትር ሳላይንና 1 ሚሊ ሊትር አየር በሁለት ሲሪንጅ መካከል በሦስት መንገድ ማጋጠሚያ አሥር ጊዜ ያህል አመላልሱ፤ ሊታይ የሚችል አየር አለመኖሩን አረጋግጣችሁ በደም ሥር ቶሎ ስጡ። አረፋው በሦስት ምት ውስጥ ግራው ክፍል ከደረሰ መንገዱ በልቡ ውስጥ ነው፤ ከአምስት ምት በኋላ ከሆነ በሳንባ።

ማሽኑ ራሱ

ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ከሞዴሉ ዓመት በፊት ፕሮቡን እዩ። የፊቱ ጎማ ተሰንጥቋል ወይ፣ ገመዱ ከአንገቱ አጠገብ ሲታጠፍ ምስሉ ይጠፋል ወይ፣ የመሰኪያው ቀጫጭን እግሮች የተጣመሙ ናቸው ወይ። ጄል ሳትቀቡ በአየር ላይ አብርታችሁ የወረቀት መያዣ ሽቦ ጠርዝ ፊቱ ላይ አንሸራትቱ። በሆድ ፕሮብ ላይ የሞተው ክሪስታል ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፤ የልብ ፕሮብ ላይ ግን እያንዳንዱን መስመር ሁሉም ክሪስታሎች ተባብረው ስለሚሠሩት መስመሩ ላይታይ፣ ምስሉ በጠቅላላ ብቻ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ቀጭን ጤነኛ ሰው ላይ ሞክሩት፤ የሱ ልብ ደብዝዞ ከታየ ፕሮቡ ደክሟል።

የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚቀዳው) ገመድ ይኑር። ያለ እሱ የልቡ መሙላት ማብቂያ በዓይን ግምት ነው የሚመረጠው፤ ከብዙ ምት የሚሰፋው ስሪዲ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፣ ስትሬይንም አይታመንም። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ባንዴ መጥፋቱ ሃርድ ዲስኩን ይበላዋል፤ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ዩፒኤስና ስታብላይዘር ከማሽኑ ጋር በአንድ ቀን ይገዙ። ጄል ሲያልቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት አትጠቀሙ፤ የፊቱን ጎማ ያላላዋል፤ አልኮልም እንዲሁ ያደርቀዋል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ

ያዘዘው ሐኪም ከ«ኢኮ ይሠራላት» ይልቅ «የሚትራል ጥበት ተጠርጥሯል፣ የአኦርታ ፍሳሽ ይታይ፣ ምቷ የተዘበራረቀ ነው» ቢል የሚሠራው ሰው ከመጀመሪያው ትክክለኛውን መንገድ ይመርጣል። ሪፖርቱ ደግሞ ከእያንዳንዱ ስፋት አጠገብ የተለካበትን ዘዴ፣ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የስንት ምት አማካይ እንደሆነና የማሽኑን ስም ይያዝ። ምስሉ ጥሩ ካልነበረ «ምስሉ ደካማ ነው» ይባል፤ ይህ የባለሙያው ነውር አይደለም፣ ቀጣዩን ሐኪም ግን ከስሕተት ያድናል። ታካሚዋ ወደ አዲስ አበባ የምትላክ ከሆነ ፍላሽ ላይ የሚቀዳው የቆመ ፎቶ ብቻ አይሁን። ቫልቩ የተለካበት ቪዲዮ፣ ቢያንስ ሦስት የልብ ምት የያዘ፣ ከነኢሲጂው ይቀዳላት፤ ፊኛውን የሚሠራው ሐኪም ያን ቀዳዳ በራሱ እጅ እንደገና መክበብ ይፈልጋልና።